የመሬት ቅየሳ ትምህርት፦ ከገመድ እስከ ኮምፒውተር

ፎርም ፎርን አጠናቀው «ከእንግዲህ ምን እንማር?» ለሚሉ ወጣቶች በዚህ እትማችን የምናስተዋውቀው ሙያ ብዙ ሰው የማያስበው የመሬት ቅየሳ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ይህንኑ ትምህርት ከጂኦግራፊያዊ መረጃ ጋር አጣምረው ይሰጣሉ። ቤትና መሬት ጥለን ለወጣን ሰዎች ደግሞ ከእንጀራም ያለፈ ፋይዳ አለው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመሬት ወሰን ሲነገር የኖረው በአዋሳኝ ነው። በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን የእገሌ አጥር፣ በደቡብ መንገድ ይባላል። እገሌ ሲሞት ወይም ሲሰደድ፣ ወንዙም መንገዱን ሲቀይር ምስክሩ አብሮ ይጠፋል። በድሮ ጊዜ ቃላድ በተባለ፣ ርዝመቱ ወደ 66 ሜትር በሚጠጋ ገመድ መሬት ይለካ ነበር። ይሁን እንጂ ገመድ ስፋቱን ይነግር እንደሆነ እንጂ ያ መሬት የት እንደሚገኝ አይናገርም። የቀያሽ ሥራ ወሰንን ከሰው ትዝታ አውጥቶ ማንም ተመልሶ ሊለካው በሚችል ቁጥር ላይ መትከል ነው። በአማርኛ አገር የሚያሳየውንም ሥዕል፣ የቤት ይዞታ ማረጋገጫውንም «ካርታ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይመስለንም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። አራት ጎኑ እያንዳንዱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ ስፋቱ ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 400 ካሬ ሜትር ይላል። ይህ ትክክል የሚሆነው ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ብቻ ነው። ቦታው ተንጋዶ አንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን፣ አራቱም ጎኖች 20 ሜትር እንደሆኑ ስፋቱ ወደ 346 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ዙሪያውን በሜትር የለካ ሰው ምንም ጉድለት አያይም፤ ነገር ግን 54 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም የሁለትና የሦስት ክፍል ቦታ፣ ጠፍቷል። በወሰን ክርክር ሁለቱም ወገን «ለክተናል» እያሉ የማይስማሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ መለካት ነው። ትክክለኛ 20 በ20 ከሆነ ሁለቱም ሰያፎች 28 ሜትር ከ28 ሳንቲም መሆን አለባቸው። በተንጋደደው ላይ ግን አንዱ 20፣ ሌላው ከ34 ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። ቀጥ ያለ ማዕዘን ለማውጣት ግንበኞቻችን የሚያውቁትን ዘዴ እንጠቀማለን። 12 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን ካሰርን በኋላ ከእስሩ 3 ሜትር ላይና 7 ሜትር ላይ ምልክት እናደርጋለን። በእስሩና በሁለቱ ምልክቶች ላይ ይዘን ስንወጥረው 3፣ 4ና 5 ሜትር ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ 3 ሜትሩ ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው።

ቦታው ቅርፅ የሌለው ከሆነስ? በሰያፍ ከፍለን ሦስት ማዕዘን እናደርገዋለን። ጎኖቹ 13፣ 14ና 15 ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 42፣ ግማሹ 21 ነው። ከ21 ላይ እያንዳንዱን ጎን ስንቀንስ 8፣ 7ና 6 ይቀራል። 21ን በ8፣ በ7ና በ6 ስናባዛ 7056 እናገኛለን፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 84 ነው። ስለዚህ ስፋቱ 84 ካሬ ሜትር ነው። ችካል፣ ገመድና ሜትር ያለው ሁሉ በግቢው ሊሞክረው ይችላል።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ ማዕዘን የሚያነበውን ቴዎዶላይት፣ ማዕዘንና ርቀት አንድ ላይ የሚለካውን ቶታል ስቴሽን፣ ከፍታ የሚያወጣውን ሌቭል ይማራል። ሂሳብ በተለይም ትሪጎኖሜትሪ የበሩ ቁልፍ ነው፤ እርሱን የሚጠላ ሰው ባይጀምረው እንመክራለን።

ብዙዎች «ስልኬ ጂ.ፒ.ኤስ አለው፤ ቀያሽ ለምን?» ይላሉ። ጂ.ፒ.ኤስ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ቦታን ያሰላል። የተራ ስልክ ስህተት ግን ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ ለማግኘት ይበቃል፣ አጥር ለመትከል አይበቃም። የቀያሾች መሣሪያ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ድረስ ይደርሳል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የኢትዮጵያ የቀድሞ 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ በነበረ ነጥብ በሚጠራ መነሻ ነው። ከዚያ ካርታ የተነበበ ቁጥር ሳይለወጥ ጂ.ፒ.ኤስ ውስጥ ቢገባ ወደ 200 ሜትር ገደማ ያስታል፤ የሰው ማሳ ውስጥ ያስገባል ማለት ነው።

የተለካው ሁሉ ጂ.አይ.ኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ በድርብርብ ይቀመጣል፦ ቤት ለብቻው፣ ቧንቧ ለብቻው፣ ጎርፍ የሚወርድበት ለብቻው። ለምሳሌ የእርዳታ ሥራ መመዘኛዎች ውሃ ከመኖሪያ ከ500 ሜትር፣ መጸዳጃ ከ50 ሜትር እንዳይርቅ ይላሉ። የትኛው ብሎክ ከዚህ ውጭ እንደሆነ በካርታ ላይ በአንድ ቀን ይታያል፤ አቤቱታም በቁጥር ሲቀርብ ይከብዳል። ኪው.ጂ.አይ.ኤስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ኮምፒውተር ያገኘ ሊለማመድበት ይችላል። «ስማርት ሲቲ» የሚባለውም ትራፊክን፣ ውሃንና መብራትን በኮምፒውተር የሚከታተል ከተማ ነው፤ ስሙ ቢያምርም ከሥሩ ትክክለኛ ካርታ ከሌለ ስም ብቻ ነው።

የት ይማሯል? በኬንያ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በዲግሪ ይሰጣል፤ በናይሮቢ ሩዋራካ ያለው የኬንያ የቅየሳና የካርታ ሥራ ኢንስቲትዩት ደግሞ ዲፕሎማ አለው። በአገራችን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመሬት አስተዳደር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የተጀመረው ዳፊ የተባለው የስደተኞች ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚረዳ ስለሆነ የማመልከቻውን ጊዜ ከትምህርት ቢሮው መጠየቅ ይገባል። ሳይደበቅ መነገር ያለበት፣ በኬንያ የወሰን ፕላን መፈረም የሚችለው ፈቃድ ያለው ቀያሽ ብቻ መሆኑ ነው። ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም፤ በጂ.አይ.ኤስ በኩል ያለው ሥራ ግን ይህን ያህል አይጠይቅም። ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ከሁለቱ በየትኛው በኩል እንደምትሄዱ ወስኑ።

በአገር ቤት ቦታ ያላቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ አዋሳኞቻቸውን በስም፣ በአራቱም አቅጣጫ፣ የሚያስታውሱትን ርዝመትና ሰያፍ፣ የማይንቀሳቀስ ቋጥኝ ወይም ቤተ እምነት ከአጠገቡ ካለም ርቀቱን በወረቀት አስፍረው ለልጆቻቸው ቢሰጡ፣ በኋላ ለሚመጣው ቀያሽ መነሻ ይሆነዋል።