ለቀላል ዘንግ የሚስማማ የክር መጠቅለያ

ጥያቄ፦ የቦሌ ነዋሪ ነኝ። ባሌ ሄጄ ትራውት ሳጠምድ ዓሣው ድንገት ሲሮጥ ቀጭኑ ክር ይበጠስብኛል። ዘንጌ 4 ቁጥር ነው። እህቴ ከውጭ አዲስ መጠቅለያ ልታመጣልኝ ነው፤ ምን ዓይነት ታምጣልኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ክሩን የሚበጥሰው ብዙ ጊዜ የመጠቅለያው ፍሬን ነው፤ መጀመሪያ ይይዝና በድንገት ይለቃል። እህትዎ ከመግዛታቸው በፊት ክሩን በዝግታ ስበው ይሞክሩት፤ ሳይንገጫገጭ ከመጣ ጥሩ ነው። ለ4 ቁጥር ክር የተሠራ፣ ቀላል የአሉሚኒየም፣ እምብርቱ ሰፊ የሆነውን ይምረጡ፤ ሰፊ እምብርት ክሩን ቶሎ ይሰበስባል። በዌብና በዳንካ ወንዞች ላሉት ትራውቶች ከጠንካራ ፍሬን ይልቅ ለስላሳው ይበልጣል። ከተጠቀሙ በኋላ አጥበው ያድርቁት፤ ፍሬኑንም ያላሉት። ያም ሆኖ ከያዘ ራስዎ አይፍቱት፤ ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት። ከማጥመድዎ በፊት ዲንሾ በሚገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ይጠይቁ።