«ሚኒስትር» ስለሚለው ቃል ምንጭና ትርጓሜ

ክቡራን መምህራንና የአገር ሽማግሎች ሆይ፤ ሰው የትውልድ ሐረግ እንዳለው ቃልም እንዲሁ የትውልድ ሐረግ አለው። ዛሬ የምንመረምረው «ሚኒስትር» የሚለውን ቃል ነው።

ይህ ቃል በአገራችን የሹመት ስም ሆኖ የተያዘው ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ነው። ምንጩ ግን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ሮማይስጥ፥ ይኸውም ላቲን ነው። በሮማይስጥ «ሚኑስ» ማለት ያነሰ፥ «ማጊስ» ማለት የበለጠ ነው። ከሚኑስ «ሚኒስተር» ተገኘ፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው። ከማጊስ «ማጊስተር» ተገኘ፤ ትርጓሜውም አለቃ፥ መምህር ማለት ነው። ስለዚህ በጥንቱ አነጋገር ሚኒስትር ታናሽ፥ መምህር ታላቅ ነበረ።

ዘመን ባለፈ ጊዜ ሁለቱ ቃላት በኤውሮፓ ቋንቋዎች ተበተኑ። ማጊስተር በጣልያንኛ «ማኤስትሮ»፥ በፈረንሳይኛ «ሜትር»፥ በጀርመንኛ «ማይስተር»፥ በእንግሊዝኛ «ማስተር» ሆነ። ሚኒስተርም በጣልያንኛ «ሚኒስትሮ»፥ በፈረንሳይኛ «ሚኒስትር» ሆነ። አገልግሎት ማለት የነበረው «ሚኒስቴሪዩም» ደግሞ በፈረንሳይኛ ሁለት ልጆች ወለደ፤ አንደኛው የሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት «ሚኒስቴር»፥ ሁለተኛው ሙያ ማለት የሆነው «ሜትዬ» ነው። እኛም ሰውየውን ሚኒስትር፥ መሥሪያ ቤቱን ሚኒስቴር ብለን የምንለየው እንደ ፈረንሳይኛው ነው።

የአገልጋይ ስም እንዴት የሹም ስም ሆነ ቢሉ፥ ንጉሥን በቅርብ የሚያገለግል ሰው ትእዛዙን ስለሚፈጽም ከሌላው ይልቅ ይከበራልና ነው። እንግሊዞች ግን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይንም እስከ ዛሬ ሚኒስተር ይሉታል።

ሽማግሎቻችን ይህን ለማስተዋል አይቸገሩም። ዲያቆን የምንለው ቃል «ዲያኮኖስ» ከሚለው ከፅርእ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ስለ ታላቅነት በተነገረበት ስፍራ፥ ፅርኡ ዲያኮኖስ ያለውን ጥንታዊው የሮማይስጥ ትርጉም ሚኒስተር ብሎታል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሚኑስንና ማጊስን በሰሌዳ ላይ ጐን ለጐን ጽፋችሁ ከእያንዳንዱ የተወለዱትን ቃላት ተማሪዎች በየሥራቸው እንዲደረድሩ አድርጉ። ከዚህም ሁለት ቁም ነገር ያገኛሉ። ሹም የስሙን ሥር ቢያውቅ ለማገልገል እንደ ተሾመ ያስባል፤ መምህርም የማጊስተርን ሥር ቢያውቅ ብልጫው በእውቀት እንጂ በአለንጋ እንዳይደለ ያስተውላል።