ጠበቀኝ

በአንድ ጡረተኛ ድሬሰርና በጎረቤታቸው ልጅ፣ በነርስ ተማሪዋ መካከል የተደረገ ምልልስ

ተማሪዋ፦ አባባ፣ እግርዎን ያዳነው ውሻው ነው እያለ ሰፈሩ ያወራል። እውነት ነው?

አባባ፦ የለም ልጄ። አሸንዳ ልጠግን ጣራ ላይ ወጥቼ ስወድቅ የተሰበረውን ቅልጥሜን የገጠመው ሐኪሙ ነው፣ ብረት አስገብቶ። አጥንቱን ያያያዘው ደግሞ ፈጣሪ በሰውነቴ ያኖረው ጥበብ ነው። የውሻዬ የመከታ ሥራ ሌላ ነው።

ተማሪዋ፦ ምን ሠራ?

አባባ፦ አስነሣኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። አንዱ ትራሴን ያስተካክላል፣ አንዷ አጥሚት ታቀርባለች፤ ውሃ ብል ሦስት ሰው ብድግ ይላል። እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ሁሉም የሚለኝ «አይነሡ» ነው። ሐኪሙ በክራንች ትንሽ ትንሽ እንድራመድ አዞኝ ሳለ፣ እኔም ተመቸኝና ተኛሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁሉም ለቅሶ ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። መከታ የሚበላባትን የቆርቆሮ ሳህን በጥርሱ እየጎተተ መጣና ደጃፉ ላይ ጣላት። ኳ አለች። አየኝ፤ ዝም አልኩት። አንሥቶ ደግሞ ጣላት። ያን ሰሞን ከእኔ አንድ ነገር የፈለገ እሱ ብቻ ነበር።

ተማሪዋ፦ ተነሡ?

አባባ፦ እየተሳደብኩ ተነሣሁ። ከአልጋው እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ በላብ ተጠመቅሁ። በሳምንቱ እስከ ግቢው በር፣ ከወር በኋላ አጥንት ልለምንለት እስከ ሥጋ ቤቱ። ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። የተኛ እግር ጡንቻው ይከሳል፤ ደሙም ይረጋል፣ ከረጋው ተቆርሶ ወደ ሳንባ የሄደ እንደሆነ ይገድላል። አጥንትም የሚጠነክረው በልኩ ሸክም ሲያገኝ ነው። ይህን ሠላሳ ዓመት ለበሽተኛ ስናገር ኖሬ፣ ለእኔ የነገረኝ ውሻ ሆነ።

ተማሪዋ፦ እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ ኤሪካ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ ያሳተሙትን ጥናት አንብቤ ነበር። የልብ ሕመም ካስተኛቸው 92 ሰዎች መካከል የቤት እንስሳ ካላቸው 53ቱ በዓመቱ የሞቱት 3 ናቸው፤ ከሌላቸው 39ኙ ግን 11 ሞተዋል። ታዲያ እንስሳ መድኃኒት አይደለም?

አባባ፦ ቁጥሩን ያዢው፤ ግን መርምሪው። እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ቀድሞውንም ብርቱ ቢሆንስ? 92 ሰውም ጥቂት ነው። የእኔ ምክር ከዚያ ያንሳል፦ በሽተኛ ስትጠይቂ፣ አቅሙ የሚችለውን አንድ ሥራ ተዪለት።

ተማሪዋ፦ የውሻ ምራቅ ቁስል ያደርቃል ይባላል። በወንጌል የአልዓዛርን ቁስል ውሾች ይልሱለት አልነበር?

አባባ፦ ይልሱለት ነበር፤ ግን «ዳነ» የሚል አንብበሻል? ሞተ ነው የሚለው። ምራቁ ውስጥ ተህዋስያንን የሚያዳክም ነገር ቢኖርም፣ ቁስል የሚያመረቅዝ ተህዋስም አለበት። የእብድ ውሻ በሽታም የሚተላለፈው በምራቅ ነው። መከታን በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፤ ቁስሌን ግን አላስነካሁትም። የማታውቂው ውሻ ቢነክስሽ ወይም ቁስልሽን ቢልስ፣ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥበሽ ያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሌላም ልጨምርልሽ፤ በክራንች የሚሄድ ሰው የውሻ ገመድ እጁ ላይ አይጠምጥም። ድመት ያየ ውሻ ደህናውንም እግር ያሰብራል።

ተማሪዋ፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል ነው ተረቱ። መከታም ምሳውን ፈልጎ ቢሆንስ?

አባባ፦ ምሳውን ፈልጎ ነው እንጂ! ምን ነውር አለው? ምሳው እናንተም ቤት ነበረ፤ እናትሽ ፍርፋሪ ትሰጠው ነበር። እሱ ግን ሳህኗን ይዞ ወደ እኔ መጣ። በአማርኛችን ቤት የጠበቀም፣ ሰው እስኪመጣ የጠበቀም ቃሉ አንድ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ግቢዬን ሲጠብቅ ኖረ፤ ያን ሰሞን ደግሞ እኔን ጠበቀኝ። ሰማሽ? ሳህኗ ኳ አለች፤ ሰዓቱ ደርሷል።

ተማሪዋ፦ ቆይ፣ ከዘራዎን ላቀብልዎ።

አባባ፦ ተዪው ልጄ። እኔው አነሣዋለሁ።