ልጁ ሲቀራ ለምን ቆም ይላል? የአንጎል ምትና የማስታወስ ጊዜ



መድረሳ የቀራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልጁ ትላንት በደንብ የሐፈዘውን ሱራ ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰማል። መሃል ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ይላል። አንዱ ከኋላ ሹክ ይለዋል፤ ኡስታዙ «ቀጥል እንጂ!» ይላሉ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አለንጋ ይነሳል። ለመሆኑ አያው ጠፍቶበት ነው ወይስ ገና እየመጣለት ነው?

የአንጎል ህዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ጭምር ነው። ብዙ ህዋሳት አብረው ከፍ ዝቅ ሲሉ ጭንቅላት ላይ በሚለጠፍ ሽቦ ሊለካ የሚችል ምት ይፈጠራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ይህን ምት ከሰው ጭንቅላት ላይ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነው። ዓይን ሲከደን ጎልቶ የሚታየውና በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመታው አልፋ ይባላል። ከእርሱ ዘገም የሚለውና በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመታው ደግሞ ቴታ ነው። ለዛሬው ርዕሳችን ባለጉዳዩ ቴታ ነው።

ከጆሯችን በስተውስጥ፣ በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ ሂፖካምፐስ የምትባል ትንሽ አካል አለች። አዲሱን የምትመዘግበውም፣ የተመዘገበውን የምትጠራውም እርሷ ናት። ታዲያ ሁለቱ ሥራ እንዴት አይደበላለቅባትም? የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሃሰልሞና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ በቴታ ምት አንደኛው ግማሽ ትቀበላለች፣ በሌላኛው ግማሽ ታወጣለች፤ ትንፋሽ እንደ ማስገባትና ማስወጣት ማለት ነው። በ2018 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በሰዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህን የሚደግፍ ውጤት አግኝቷል። ትዝታው ብቅ ጥልቅ የሚለው በሰከንድ 7 ወይም 8 ጊዜ ያህል ነበር።

ነገሩ ግን በአንድ ምት አያልቅም። ፍንጩ ከተሰማ በኋላ ሂፖካምፐስ ሥራዋን የምታጧጡፈው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ እስከ አንድ ሰከንድ ተኩል ባለው ጊዜ የተቀረው የአንጎል ክፍል ድምፁን፣ ምስሉንና ቃሉን መልሶ ይቀሰቅሳል። ያለ ፍንጭ ከራስ ፈልጎ ማውጣት ደግሞ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ለሕክምና ሲባል አንጎላቸው ውስጥ ቀጭን ሽቦ የገባላቸውን የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ተከታትሎ ነበር። ያዩትን ሥዕል አስታውሰው ከመናገራቸው ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ቀደም ብሎ ሂፖካምፐሳቸው ውስጥ በጣም ፈጣን ሞገዶች ይበረክቱ ነበር። አፍ ዝም ባለበት ሰዓት ውስጥ ሥራ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ኡስታዞችም ወላጆችም ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት፣ ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው! አሜሪካዊቷ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ ሰዓት ይዛ ስትለካ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ተሻሻለ። ቶሎ ሹክ ማለት ሌላም ኪሳራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ያነበቡትን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከራሳቸው ለማውጣት የሞከሩት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ልጁ ዓይኑን ቢከድንም ተዉት፤ ይረዳዋል።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቴ ልመለስ። «እህቴ፣ ልጁ አላስተኛን አለ፣ ያንን የሚያስተኛውን ሲሮፕ ስጪኝ» የሚሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ፕሮሜታዚንም ሆነ ክሎርፌኒራሚን አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳሉ፤ ሂፖካምፐስ ደግሞ ለምቷም ለምዝገባዋም ይህን ንጥረ ነገር ትፈልገዋለች። በማግስቱ ልጁ ፈዞ መድረሳ ቢሄድ ምን ይገርማል? ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ህፃን ጭራሽ አይሰጥም። ለአዋቂ የሚታዘዘው ዳያዜፓምም አዲስ ነገር መያዝን ያዳክማል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ እንዳያቆመው።

ሁሉም ዝምታ ግን ጤናማ አይደለም። የሚያስታውስ ልጅ ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፣ ከንፈሩ ይሞክራል፣ ስሙን ብትጠሩት ይሰማችኋል። ልጁ ድንገት ፈዞ 10 ሰከንድ ያህል አንድ ቦታ ላይ ካፈጠጠ፣ ሲጠራ ካልሰማ፣ የዓይኑ ቆብ ከተርገበገበ፣ ከዚያም የሆነውን ሳያውቅ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ይህ ሳይወድቁ የሚመጣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል፤ በምርመራ ላይም በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመታ ልዩ ምት ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ስንት ልጅ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ተብሎ ተገርፎበታል! «ጅኒ ነው» ብለው ዓመታት የሚያቆዩትም አሉ። ሩቅያ ማስቀራት ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም። ኢቶሰክሲማይድና ቫልፕሮኤት የተባሉት መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ይቆጣጠሩታል፤ በርካታ ልጆችም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ልጁ ሲፈዝ በስልካችሁ ቀርጻችሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከሰትም መዝግባችሁ ይዛችሁ ሂዱ።