ጨረቃን ፎቶግራፍ ያነሣ ልጅ

በሐረር ከተማ በሸዋ በር አጠገብ የሚኖር አንድ ተማሪ ነበረ። አጎቱም ትንሽ የሰማይ መመልከቻ መነጽር ነበረው። ይህም በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ እንዳሉት፥ መስተዋታቸው 1 ሜትር እንደ ሆነው ሁለት መነጽሮች ትልቅ አልነበረም፤ ለጨረቃ ግን ይበቃ ነበር።

ልጁም ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት መነጽሩን በጀጎል ግንብ ሥር አቁሞ፥ የእጅ ስልኩን በመነጽሩ ዓይን ላይ ደግኖ ፎቶግራፍ አነሣ። ጓደኞቹ አይተው፦ «እንዴት ያማረ ነው!» ብለው አመሰገኑት።

አጎቱ ግን፦ «ልጄ፥ ብርሃኑስ በዝቷል፤ የጨረቃ ተራራና ጉድጓድ ግን ወዴት አለ? ሦስት ሳምንት ያህል ታገሥና ግማሽ ስትሆን እንደ ገና አንሣት» አለው። ልጁም አዘነ። አጎቱም ሲያጽናናው፦ «በፈረንጅ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ጆን ዊልያም ድሬፐር የሚባል ሊቅ በኒው ዮርክ ጨረቃን ሲያነሣ፥ ለአንድ ሥዕል ብቻ 20 ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ለአንተ ግን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ይበቃሃል» አለው።

ልጆች ሆይ፥ የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ጨረቃ የራስዋ ብርሃን የላትም፤ ከፀሐይ ተቀብላ ታበራለች። ሙሉ በሆነች ጊዜ ፀሐይ ከኋላችን ሆና ፊት ለፊት ታበራላታለች፤ ስለዚህ ጥላ አይታይባትም። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ተራራው ጥላውን ይጥላል፥ ጉድጓዱም ጠቁሮ ይታያል።

ቀኑም በደረሰ ጊዜ ልጁ ከግንቡ ራቀ፤ ቀን በፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ማታ ሙቀቱን ሲመልስ አየሩን ያንቀጠቅጣልና። ምድር ስለምትዞር ጨረቃ በ2 ደቂቃ የራስዋን ስፋት ያህል በሰማይ ትሄዳለች፤ ስለዚህ መነጽሩን ቀስ እያለ አስከተላት። እጁም ሥዕሉን እንዳያናውጥ ስልኩን ከመነጽሩ ጋር አጥብቆ አሰረና፥ ከተነካ ከ2 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሣ አዘጋጀው።

ያን ጊዜ ተራራውና ክብ ክቡ ጉድጓድ ጥርት ብሎ ታየ። ልጁም ሁለቱን ሥዕሎች አስተያይቶ፦ «ጓደኞቼ አመሰገኑኝ፤ አጎቴ ግን አስተማረኝ» አለ።

ሁልጊዜ የሚያመሰግነን ሰው እንደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ነው፤ ደስ ያሰኛል፥ ጉድለታችንን ግን ይሸፍናል። የሚመክረን ወዳጅ ግን ከጎን እንደሚመጣ ብርሃን ነው፤ ጉድለታችንን ያሳየናል። ስለዚህ ምክርን አትናቁ።

ጥያቄ። 1. ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጥላ የማይታይባት ስለ ምንድር ነው? 2. ልጁ ከግንቡ የራቀው ስለ ምንድር ነው? 3. አንተን የመከረህ ማን ነው?