ትምህርት ሊዘጋ ሲል ልጆችን ባዶ እጃቸውን አንሸኝ

ለደባርቅ፣ ለዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ላሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆች የቀረበ ማሳሰቢያ

ሰኔ ሲጋመስ ፈተና ያልቃል። መምህሩ በእርማትና በሮስተር ይጠመዳል፣ መጽሐፍ ይሰበሰባል፤ ተማሪው ግን ካርድ እስኪሰጠው ድረስ መመላለሱን አይተውም። ከእነዚህ ቀናት ብዙዎቹ በጩኸትና በድብድብ፣ አለዚያም «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» በሚል ቃል ያልፋሉ። ከመጡት ልጆች መካከል ግን ጭቃ እየረገጠ ረጅም መንገድ የተጓዘ አለ። ከብቱን የሚጠብቅለት ታናሽ ወንድም ለምኖ የመጣም አለ። እንዲህ ሆኖ የመጣን ልጅ ከበር መመለስ ተገቢ አይደለም።

ሥዕልና የእጅ ሥራ ለእነዚህ ቀናት የተመቸ ነው። መጽሐፍ ከተሰበሰበም በኋላ ይሠራል፤ ትልቁም ትንሹም ክፍል አብሮ ይሠራዋል። ጭቃው፣ ከሰሉ፣ ገለባውና ሱፉ በደጃችን ያለ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት እንደ ማንኛውም ትምህርት የራሱ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶታል። ይህ ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ እየተወሰደ በከረመበት ክፍል፣ የሰኔ መጨረሻ የልጆቹን ድርሻ ለመመለስ የቀረች ጊዜ ናት። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ይደረጉ

1. በጭቃ ጀምሩ። ከብት የጠበቀ ልጅ የጭቃ በሬ መሥራት ከመምህሩ በላይ ሊያውቅ ይችላል፤ እሱ ያሳይ፣ ሌላው ይማር። ጭቃው ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት መዋያ ርቆ ይቆፈር፤ ጠጠሩም ይለቀም። እንደ ግድግዳ ምርጊት ሁሉ ደቀቅ ያለ ጭድ ይግባበት፤ ሲደርቅ ከመሰንጠቅ የሚይዘው ጭዱ ነው። እግርና ቀንድ ሲቀጠል የሚገናኙት ሁለቱ ገጾች በስንጥር ይጫጫሩ፣ ቀጠን ባለ ጭቃ ይራሱ፣ ከዚያ ተጫን ተደርጎ ይጣበቅ። ይህ ካልሆነ በማግሥቱ ቀንዱ ይረግፋል። በሰኔ ፀሐይ ስለማይታመን፣ ዝናብ የማይነካው ነፋስ ግን የሚያገኘው ጥግ ላይ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ እሳት ዳር አይቀመጥ፤ ይሰነጠቃል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ጭቃው ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ የጭቃው ሥራ በመጀመሪያው ቀን ይሁን። ልጁ ካርዱን ሲቀበል በሬውንም ይዞ ይሄዳል።

2. ቀለሙን ራሳቸው ያዘጋጁ። ጥቁሩ ከከሰል፣ ቀዩና ቡናማው ከአፈር፣ ነጩ ከጠመኔ ስብርባሪ፣ ቢጫው ከእርድ ይገኛል። ሁሉም በደንብ ይድቀቅና በወንፊት ይነፋ። አንድ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ስኒ ውኃ ተበጥብጦ ሙጫ እስኪመስል እሳት ላይ ይማሰል፤ ሲበርድ ቀለሙ በእሱ ይለወስ። ብሩሽ ከሌለ ጫፉ ታኝኮ የላላ መፋቂያ ይበቃል፤ ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይያዝ፣ አፍ የነካ መፋቂያ አይዋዋሱ። ወረቀት ባይኖር የብስኩትና የሳሙና ካርቶን የውስጥ ገጽ ቀለም በደንብ ይይዛል።

3. ቅጠል ይመርምሩ። ከግቢ የወደቀ የባሕር ዛፍ ወይም የኮሶ ቅጠል ይነሣ፤ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ከደብተር ወረቀት ሥር ይቀመጥ። እርሳሱ ወይም ከሰሉ በጎኑ ተይዞ በስሱ ሲታሸበት የቅጠሉ ሥሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ይሠራዋል። ከስሩ የዛፉን ስም፣ ቤታቸው ለምን እንደሚጠቀሙበትም ይጻፉበት፤ ሥዕሉ የሳይንስና የአማርኛ ትምህርትም ይሆናል።

4. በገለባ ያስጊጡ። ደጋው የገብስ አገር ነው። የገብሱ አገዳ ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር፣ በጥፍር በቁመቱ ይሰንጠቅ፣ በለስላሳ ድንጋይ እየተዳመጠ ይዘርጋ። በከሰል በጠቆረ ካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ ሲለጠፍ ወርቃማ መልኩ ይጎላል። የሰፌድና የመሶብ ጥለት ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው፤ ልጆቹ ከቤታቸው አንዱን ጥለት አጥንተው ይምጡ።

5. ባለሙያ እናቶችን ጋብዙ። በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፍ ጎብኚ ሁሉ የሚያየው የሱፍ ኮፍያ ከባለሙያ እጅ የወጣ ነው። እንዝርት የምታሾር አንዲት እናት ክፍል ገብታ ሱፉ እንዴት እንደሚባዘትና እንደሚፈተል ብታሳይ፣ ልጆቹ የቤታቸውን ሙያ በክብር ቦታው ያዩታል። ትንንሾቹ ሁለት ስንጥር በመስቀለኛ አስረው በትርፍራፊ ክር እየጠመጠሙ ያጊጡ። ወንዱም ሴቷም እኩል ይፍተሉ፣ እኩል ጭቃ ያቡኩ።

6. የአገራቸውን አውሬ አስተውለው ይሳሉ። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የለም። «ዋልያዎቹ» ሲባል ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኑ ቀድሞ ትዝ የሚለው ልጅ ግን በደባርቅም አይጠፋም። ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ጠይቋቸው፤ የወንዱ ቀንድ ወዴት ይጎብጣል? የሴቷስ? ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቦታ ምን ቅርጽ አለው? ተራራው ላይ ያየ ልጅ ይመስክር፣ ያላየው እየጠየቀ ይሳል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ መሆኑን፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጎራ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም. እዚያው መቆየቱንም ንገሯቸው። ልጁ ይህን ሲያውቅ የሚስለው ዋልያ የራሱ አደራ መሆኑን ይረዳል።

7. ለእንቁጣጣሽ አዘጋጇቸው። መስከረም 1 ቀን ልጆች መልአክ፣ ፀሐይና አበባ ስለው በየቤቱ ይሰጣሉ። አሁን ግን በታተመ ካርድና በፎቶ ኮፒ የሚተኩት በዝተዋል። በሰኔ ቀለም መበጥበጥ የተማረ ልጅ በጳጉሜን ሌላ ሰው አይጠብቅም። መልአክ መሳል ለሚወዱት ልጆች፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለውን የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በሥዕል አሳዩአቸው። ዓይናቸው የጎላ፣ ክንፋቸው የተዘረጋ መላእክት ጣሪያውን ሞልተውታል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ክፉ ሰው ግን በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚሳል ሲሰሙ ሥዕል ማንበብ ይጀምራሉ።

8. የጋራ ሥራ ይኑር። ስልሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ካርቶኖች ተቀጣጥለው ወለል ላይ ይዘርጉ፣ መሐሉ ላይ ትምህርት ቤቱ ይሳል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የመጣበትን መንገድ፣ ወንዙን፣ ድልድዩንና ዛፉን ይጨምር። በዳባት ወረዳ አለምዋጭ መጠለያ የኤርትራ ስደተኞች ልጆች ይኖራሉ። ከእነሱ ጋር የሚማሩ ልጆች በዚህ ሥራ ሳይነጋገሩም ይግባባሉና ለሁሉም እኩል ቦታ ይሰጥ።

አይደረጉ

1. ገንዘብ አታስዋጡ፤ ግዙም አትበሉ። ሰኔ ገበሬው ለዘርና ለማዳበሪያ ያለውን ያራገፈበት ወር ነው። ከለር ያላመጣ ልጅ ከውጭ የሚቆም ከሆነ ሥራው ከጅምሩ ተበላሽቷል።

2. ከፓርኩ ክልል አንዲት ቅጠል አታስቆርጡ። ጅብራ ለዓመታት አድጎ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ሳያፈራ የተቆረጠ ጅብራ ዘር አይተውም። የአስታ ቅርንጫፍም ሆነ ጓሳ ለጌጥ ተብሎ አይነጭ። ከትምህርት ቤቱ አጥርና ከጓሮ የወደቀው ይበቃል።

3. የባትሪ ድንጋይ ሰብራችሁ ጥቁር ቀለም አታውጡ። ሰሌዳ ለማጥቆር በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነውና ልጆች ጉዳቱን አያውቁም። በደረቅ ባትሪ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ያለበት ነው፤ አብሮት ያለው ርጥበት ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ልጁ በዚያው እጁ ዳቦ ይበላል። ከሰል እያለ ባትሪ አያስፈልግም።

4. የማታውቁትን ተክል አትጨምቁ። አስተናግር ከፍሬው እስከ ቅጠሉ መርዝ ነው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። ኖራም ነጭ ቀለም ነው ተብሎ ለልጅ አይሰጥ፣ ያቃጥላል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጥሩ ቢመስልም አቧራው ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ስለሆነ ይቅር።

5. ምላጭና ቢላ በልጅ እጅ አይግባ። የሚቆረጥ ካርቶን ካለ መምህሩ አስቀድሞ ቆርጦ ይምጣ። የዱቄት ሙጫውም በትልቅ ሰው እጅ ይማሰል።

6. በሰሌዳ ላይ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍና አንድ ፀሐይ ስላችሁ «ይህን ገልብጡ» አትበሉ። ሰባ ልጅ አንድ ዓይነት ቤት ሲስል የተማረው መገልበጥን ነው። የልጁን እርሳስ ተቀብላችሁ አታስተካክሉለት። ሰማዩን በቀይ አፈር ከቀባ ለምን እንደቀባው ጠይቁት፤ የሚነግራችሁ ነገር ይኖረዋል።

7. ውጤት አትስጡ፣ ደረጃ አታውጡ። ልጁ በካርዱ ላይ በቂ ደረጃ ተጽፎለታል። «ይህ በሬ ነው ወይስ አይጥ?» ብሎ በክፍል ፊት የሚስቅ መምህር ልጁን ለዕድሜ ልክ ከሥዕል ሊያርቀው ይችላል። ይልቁንስ «ቀንዱን እንዴት እንዳይወድቅ አደረግከው?» በሉት።

8. ጦርነት እንዲስሉ አታዝዙ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ደርሶ በጭና ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በየክፍሉ ወላጁን ያጣ፣ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ልጅ ሊኖር ይችላል። ልጁ በራሱ ፈቃድ ጠመንጃ ወይም የሚቃጠል ቤት ቢስል አትቆጡት፣ ወረቀቱንም አትቅደዱ፣ ለሌላውም አታሳዩበት። ቀረብ ብላችሁ አዳምጡት፤ የጨነቀው ሲመስላችሁ ለወላጁና ለጤና ባለሙያ በጊዜ ንገሩ።

9. ማንንም በሃይማኖቱ አታስጨንቁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። መልአክ የማይስል ልጅ አበባ ይሳል፣ የመሶብ ጥለት ያውጣ፤ ምክንያቱን በክፍል ፊት አይጠየቅ።

10. የልጅ ሥራ ለማገዶ ወይም ለመጥረጊያ አይዋል። ስሙና ክፍሉ ተጽፎበት ካርድ እስኪሰጥ ግድግዳ ላይ ይሰንብት፤ ከዚያ ለባለቤቱ ይመለስ።

ለርዕሳነ መምህራን

ከፈተና በኋላ ያሉትን ቀናት በፕሮግራም ያዙ። ግማሹ መምህር ሮስተር ሲሠራ ግማሹ ልጆቹን ይያዝ፣ በማግሥቱ ይቀያየሩ። ለእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ይዘጋጅ። ዝናቡ ከበረታ ሩቅ የሚሄዱት ልጆች ቀደም ብለው ይለቀቁ፤ ወንዝ ሲሞላ ሥዕል ከልጅ ሕይወት አይበልጥም። በካርድ መስጫ ቀን ወላጅ አስቀድሞ የልጁን ሥራ እንዲያይ አድርጉ፤ ስለ ውጤት የሚደረገው ንግግር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለወላጆች

ልጃችሁ የጭቃ በሬ ይዞ ሲመጣ «ጭቃ ስታቦካ ዋልክ?» አትበሉት። ቀለሙን ከምን እንዳወጣው ጠይቁት፣ ከቤት አንድ ቦታ ስጡት። በክረምቱ ጥቂት ከሰል፣ አንድ ካርቶንና በቀን ግማሽ ሰዓት አትንፈጉት። ጳጉሜን ስትደርስ ለጎረቤት የሚሰጠውን እንቁጣጣሽ በራሱ እጅ ይሳል፤ የሳለውንም ተቀብላችሁ እንደ አቅማችሁ መርቁት።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት መሥራት አያስፈልግም። አንድ ክፍል ከስምንቱ ሁለቱን ብቻ በደንብ ቢሠራ በቂ ነው። መምህራን ሆይ፣ ከፈተናው ማግሥት ጀምሮ አንዱን ምረጡና ልጆቹን ጭድ፣ ከሰል ወይም ካርቶን ይዛችሁ ኑ በሏቸው። በክረምት ትምህርት ይዘጋል፤ ልጁ በእጁ መሥራት የጀመረው ግን ቤቱም ይቀጥላል። ያን ማስጀመር የእኛ ድርሻ ነው፣ ለዚህም አሁን ጊዜ አለን።