ዛፉን በቁሙ ከመሸጣችሁ በፊት

መርካቶ ያለውን የምን አለሽ ተራን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። አሮጌ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ በርሜል፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ወደዚያ ይሄዳል። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው «ምን አለሽ?» ብሎ የቤት እመቤቷን ይጠይቃል። የሠፈሩ ስም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል።

ቆራሌው የተደባለቀውን ዕቃ በአንድ ዋጋ ይገዛል። ምን አለሽ ተራ ሲደርስ ግን ብረቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ጣውላውም ምስማሩ ተነቅሎ ለብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። ትርፉ ያለው በመለየቱ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ለገበሬ ምኑ ነው? ባህር ዛፋችሁን በቁሙ የሚገዛው ደላላ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እናንተ «ዛፍ» ብላችሁ በጅምላ ትሸጣላችሁ፤ እሱ ማገር፣ አጠና፣ ወራጅ ብሎ ለይቶ ይሸጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ዋጋው ለትምህርቱ ያህል ነው፤ የገበያችሁን ዋጋ እናንተ ጠይቁ። 300 ዛፍ አላችሁ እንበል። ደላላው «ሁሉንም በ15,000 ብር» ይላል። በደብተራችሁ ለዩት፦

100 ማገር በ25 ብር፣ 2,500 ብር።
120 አጠና በ60 ብር፣ 7,200 ብር።
80 ወራጅ በ150 ብር፣ 12,000 ብር።

ድምሩ 21,700 ብር ነው። ለቆራጭና ለጋሪ 3,000 ብር ቢወጣ 18,700 ብር ይቀራል። ከደላላው ዋጋ በ3,700 ብር ይበልጣል። ጭራሮውንና ቅጠሉን ገና አልቆጠርነውም እኮ!

አንድ ገበሬ ብቻውን መኪና አይሞላም። ጎረቤታሞች ተማክረው በአንድ ቀን ቢቆርጡና በአንድ ጭነት ቢልኩ የመኪናው ኪራይ ይቀልላቸዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥሩ 1065 የሆነው፣ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ይለያል። ስለዚህ በይዞታችሁ ላይ ያለማችሁት ደን በሕግ የታወቀ ነው። የደን ውጤት ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ ግን ፈቃድ ይጠየቃል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ፈቃዱን ራሳችሁ አንብቡት። የእንጨቱ ዓይነት፣ ብዛቱና ቀኑ ከጭነቱ ጋር ይስማማል? ካልተስማማ ኬላ ላይ ተይዞ ልፋታችሁ ሜዳ ላይ ይቀራል። «እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ፈርም ብቻ» የሚል ሰው ቢመጣ እንቢ በሉት፤ ማንበብ የተማራችሁት ለዚህ ነው።

ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ወረዳውን ሳትጠይቁ መጥረቢያ አታንሡባቸው።

ባህር ዛፍስ? ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። በ1880ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ስትቸገር የገባ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከቀንበጦቹ ሁለት ሦስት ጠንካሮቹን ትታችሁ የቀሩትን ብታነሡ ሳትተክሉ ሁለተኛ ምርት ታገኛላችሁ። ከምንጭ አጠገብና ከእህል ማሳ ዳር ግን አትትከሉት፤ ውኃ ይሻማል።

ደግሞ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አትመኑ። በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር ይተክሉ ነበር። መጀመሪያ ጤፉን ያጭዳሉ፤ ከዚያ ሣሩ ለከብት ይሆናል፤ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉ ከሰል ይሆንና መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በዚህ ገቢ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን እንደ ዋግ ያለ በሽታ ገባና ዛፉን አደረቀው። ወረዳው በዲከረንስ ተሸፍኖ ስለ ነበር በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ በቀላሉ ተዛመተ።

መልመጃ፦ አንድ ገበሬ 50 ወራጅና 90 አጠና አለው። ዋጋው ከላይ እንዳለው ነው። ለቆራጭና ለጋሪ 1,500 ብር ያወጣል። ደላላው በቁሙ 11,000 ብር ሰጥቶታል። ልዩነቱ ስንት ብር ነው? ለዚህ ያህል ብር ልፋቱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? አስልታችሁ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተከራከሩበት።